ከግንቡ ማዶ ያለው ሣር፦ የላስ ቬጋስ ጎልፍ ሜዳ ስንት ጀሪካን ይጠጣል?

መክፈቻ

ሰላም ወገን። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ታክሲ እነዳለሁ፤ የሌሊት ፈረቃ። ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ ቤቴ ስገባ ከጓሮዬ ግንብ ማዶ አንድ ድምፅ ይቀበለኛል። ቺክ፣ ቺክ፣ ቺክ። የጎልፍ ሜዳው ውሃ እየጠጣ ነው። ፍንጣቂው ግንቡን አልፎ እኔ ጓሮ ይገባል። ጠዋት ሳየው ግንቡ ታጥቦ ያደረ ይመስላል።

እኔ በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ደጄ ላይ የነበረውን ሣር ነቅዬ ጠጠርና ቁልቋል አድርጌበታለሁ። 800 ስኩዌር ፊት ነበር። ለአንዱ ስኩዌር ፊት 3 ዶላር ታስቦ 2,400 ዶላር ተከፍሎኛል፤ አልዋሽም። ግን ልጆቼ አሁን ኳስ የሚያንከባልሉት ጠጠር ላይ ነው። ጉልበታቸው ተልጦ አለቀ። በሙቀቱ ወራት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ውሃ መርጨት ክልክል ነው። እሁድ ጭራሽ አይታሰብም። በብርዱ ወራት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። የግንቡ ማዶው ጎረቤቴ ግን በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይጠጣል።

ሂሳብ ሠራሁ። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ 90 ኤከር ያህል የሚጠጣ ሣር አለው እንበል። የሚፈቀድለት በዓመት ለአንድ ኤከር 4 ኤከር ፊት (የውሃ መለኪያ ነው) ውሃ ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ስመነዝረው 84 ሚሊዮን ጀሪካን መጣልኝ። ለአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዓመት!

ጥያቄዬ አጭር ነው። በረሃ ላይ ያሉ የጎልፍ ሜዳዎች በሙሉ ለምን አይዘጉም?

ይህን እዚህ መድረክ ላይ ለጥፌ ተኛሁ። ከሰዓት ስነቃ 11 መልስ ጠበቀኝ። አሁን 36 ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ላይኛውን ሳያነቡ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ስላስቸገሩ፣ እስካሁን የተባለውን በራሴ አነጋገር ልተርክ። የጎደለ ካለ አርሙኝ። የተሰደባችሁ ደግሞ ስድቡን ስለተውኩት አመስግኑኝ።

ከ1 እስከ 5

1ኛው መልስ ከፊኒክስ ነው። ሰላምታው ረዥም፣ ሐሳቡ አጭር ነበር፤ ልክ ነህ፣ እኛም ጋ እንዲሁ ነው፣ በርታ ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልኝ።

2ኛዋ ግን ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ቤቱን ስትገዛ ሜዳው ነበር ወይስ አልነበረም ነው ጥያቄዋ። ነበር። እንዲያውም ደላላው ከፎቅ መስኮት ሣሩን እያሳየ ነው ዋጋ የጨመረብኝ። እኔም አረንጓዴውን ሳይ ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት። ይህን በመክፈቻው ላይ ማንሣት ነበረብኝ። ሳላነሣ ቀረሁ።

3ኛው የሂሳብ ሰው ነው። በትሕትና ጀምሮ ድራሼን አጠፋው። አንድ ኤከር ፊት ማለት አንድ ኤከር መሬት ላይ አንድ ጫማ ከፍታ የሞላ ውሃ ነው፤ 1,233 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። 90 በ4 ሲባዛ 360 ኤከር ፊት፣ ማለትም ወደ 444 ሺህ ሜትር ኪዩብ ነው። በጀሪካን 22 ሚሊዮን ገደማ። እኔ ወደ ሊትር የተቀየረውን ቁጥር እንደገና ከጋሎን ወደ ሊትር ቀይሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ በ3.785 አባዝቼ 84 ሚሊዮን ላይ የወጣሁት ለዚህ ነው። መክፈቻውን አላስተካከልኩትም፤ ስሕተቴ እዚያው ይታይ ብዬ ትቼዋለሁ። ለማንኛውም 22 ሚሊዮንም ቢሆን በቀን ወደ 60 ሺህ ጀሪካን ነው።

4ኛው አንድ ጋሼ ናቸው፤ ከተማዋ ስታድግ እዚሁ ሆነው ያዩ። ላስ ቬጋስ የሚለው ስም በስፓኒሽ ሜዳ፣ መስክ ማለት ነው አሉ። ድሮ ምንጭ ነበራት፤ ከተማው ሲጠጣው ምንጩ በ1962 ደረቀ። ዛሬ ከውሃዋ 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ እሱም ሁቨር ግድብ ከሚያጠራቅመው ከሌክ ሚድ ሐይቅ። ሐይቁ በ2022 ሐምሌ ላይ በ1937 ሲሞላ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ዝቅታ ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት የከተማዋ የመጀመሪያው የውሃ መሳቢያ አፍ ከውሃው በላይ ብቅ አለ። እግዜር ይስጠው ቀደም ብለው ከሥር የሚስብ ሌላ መሿለኪያ ቆፍረው ነበር። ጋሼ በበርሜል ውስጥ የተገኘውን አስከሬንም አነሡ። ውሃው ሲሸሽ ስንት ዓመት የተደበቀው ወጣ። እዚህ ላይ ሦስት ሰው ስለ ማፊያ ሊያወራ ገብቶ ነበር። ዘልዬዋለሁ።

5ኛው የጋሼን ሐሳብ ቀጠለበት። የወንዙ ውሃ የተከፋፈለው በ1922ቱ ስምምነትና በ1928 በወጣው ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ 4.4 ሚሊዮን፣ አሪዞና 2.8 ሚሊዮን፣ ኔቫዳ 300 ሺህ ኤከር ፊት ደረሳቸው። ያኔ ላስ ቬጋስ 5 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር ነበረች፤ ማንም አልቆጠራት። ዛሬ ሸለቆው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞ በዚያው ድርሻ ይኖራል። በ2021 ነሐሴ ደግሞ በወንዙ ታሪክ የመጀመሪያው የእጥረት አዋጅ ታወጀና ከዚያችም ተቀነሰ።

ከ6 እስከ 10፣ ዋናው ነገር

6ኛው ነገሩን ሊያበርድ መጣ። የጎልፍ ሜዳ የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ሳይሆን የተጣራ ፍሳሽ ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለብህ ነው የሚለው። 7ኛዋ ከእስራኤል ናት። ደገፈችው። እነሱ ጋ ከፍሳሽ ውሃው 90 በመቶ የሚጠጋው ተጣርቶ ለእርሻ ይውላል፤ ስለዚህ አርፈህ ተኛ አለችኝ። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ አፈርኩ። ጽሑፌን ላጠፋው ነበር።

8ኛው መልስ ባይመጣ ኖሮ።

ጸሐፊው ሐበሻ ነው፣ የጎልፍ ሜዳ ላይ ሣር የሚንከባከብ። ሠራተኛ ሆኖ ጀምሮ አሁን የመስኖውን ኮምፒውተር እሱ ነው የሚያዘው። ሁለታችሁም ያላችሁት ሌላ ከተማ ላይ ልክ ነው፣ ላስ ቬጋስ ላይ ግን አይሠራም አለ። ምክንያቱን አስረዳ፤ እኔ በዚህ ከተማ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ አላውቀውም ነበር።

እዚህ ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ውሃ፣ የሻወሩም፣ የእቃ ማጠቢያውም፣ የሽንት ቤቱም፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ተጣርቶ ላስ ቬጋስ ዋሽ በሚባለው የውሃ መውረጃ በኩል ተመልሶ ሌክ ሚድ ይገባል። ከተማዋ የመለሰችውን ያህል እንደገና መቅዳት ትችላለች፤ ከድርሻዋ አይቆረጥም። ስለዚህ አንድ ጀሪካን ውሃ ደጋግሞ ይመላለሳል። ሣር ላይ የፈሰሰው ግን አይመለስም። ወደ ሰማይ ይሄዳል። በዚህ ደረቅ አየር ደግሞ ቶሎ ነው የሚሄደው።

አሁን የተጣራውን ፍሳሽ በሐምራዊው ቧንቧ ወደ ጎልፍ ሜዳ ብትወስደውስ? ሐይቁ ሊያገኘው የነበረውን ውሃ ሣሩ ጠጣው ማለት ነው። ስሙ ተጣርቶ የተመለሰ ይባል እንጂ ለሐይቁ ያው የጠፋ ውሃ ነው። ፍሳሹን ወደ ባሕር በሚደፋ ከተማ ከሆነ ሜዳው ቢጠጣው ትርፍ ነው። ላስ ቬጋስ ግን ባሕር የላትም፤ ፍሳሿ የሚገባው ወደ ራሷ ማሰሮ ነው።

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እስካሁን የተናደድኩት ስንት ጀሪካን በሚለው ነበር። ለካ ጥያቄው የትኛው ጀሪካን ይመለሳል የሚለው ኖሯል።

9ኛዋ ወዲያው ቀለደች። እንግዲያው ሻወር ስር እየዘፈንኩ አንድ ሰዓት ብቆይ ኃጢአት የለብኝም ማለት ነው? 8ኛው መልሶ፣ ለሐይቁ ብዙም አይጎዳም፣ ግን ውሃውን ዳገት ለዳገት ለሚገፋው ፓምፕና ለማጣሪያው የሚወጣው መብራት አለ፤ ቢሉን ደግሞ ባልሽን ጠይቂ አላት። ባል የለኝም ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተጻጻፉትን ለእናንተ ትቻለሁ።

10ኛው የሕጉን ነገር አመጣ። የከተማዋ ውሃ አቅራቢ ከ2021 ኅዳር ወዲህ አዲስ የጎልፍ ሜዳ ከኮሎራዶ ወንዝ ውሃ እንዳያገኝ ከልክሏል። የነበሩት ደግሞ ለአንድ ኤከር 6.3 ኤከር ፊት የነበረው ጣሪያቸው ከ2024 ጀምሮ ወደ 4 ወርዷል። ከሦስት እጅ አንዱ ተቆረጠ በሉት። ከጣሪያው ላለፈ ክፍያው ከባድ ነው። በየቀኑ ለምን ያጠጣሉ ላልኩት መልሱም እዚህ ነው። እኛ የምንገደበው በቀን ነው፤ እነሱ በመጠን። ዓመቱን በሙሉ የሚበቃ ቁና ተሰፍሮ ተሰጥቷቸዋል፤ በየትኛው ሌሊት እንደሚያፈሱት የራሳቸው ጉዳይ ነው።

8ኛው ሰውዬ እንደገና ገብቶ በሥራ ቦታው ምን እንዳደረጉ ነገረን። ኳስ የማይደርስበትን ጠርዝ ሁሉ ነቅለው በረሃ አድርገውታል። ድሮ በመኸር ቤርሙዳ ሣሩ ሲቀላ የሜዳው ጎብኚ አረንጓዴ ካላየ ስለሚያኮርፍ ላዩ ላይ ራይ ግራስ የሚባል በብርድ የሚለመልም ሣር ይዘሩ ነበር። ያን ዘር ለማብቀል በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያርሱት። አሁን ብዙ ቦታ ላይ ቀንሰውታል። አፈር ውስጥ የእርጥበት መለኪያ ተቀብሯል። የሙያ ማኅበራቸው ባወጣው ጥናት የአሜሪካ ጎልፍ ሜዳዎች በ2020 ያፈሰሱት ውሃ ከ2005ቱ በ29 በመቶ ያነሰ ነው። አንዱ ከሥር፣ ድመት ስለ አይብ ያወጣችውን ጥናት አናምንም ብሎ ጻፈ። ሳቅኩ። ቢሆንም ሰውዬው ያለው የማይመስል አይደለም።

11ኛውና ገደሉ

11ኛው ከባድ መኪና ነጂ ነው። ከኢምፔሪያል ሸለቆ ወደ ሎንግ ቢች ወደብ የሚጫነውን ድርቆሽ ያውቀዋል፤ ራሱ ጭኖታል። እኔን ሣሩን አይቶ ገደሉን እንደዘነጋው በሬ ነው ያደረገኝ። ደግሞ ምሳሌው ከምር ስለ ሣርና ስለ በሬ ነው። የኢምፔሪያል የመስኖ አውራጃ ብቻውን በዓመት 3.1 ሚሊዮን ኤከር ፊት የመውሰድ መብት አለው። ኔቫዳ በሙሉ 300 ሺህ ነው ያላት፤ አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። የወንዙን ውሃ በብዛት የሚወስደው እርሻ ነው፤ ከእርሻውም ከፊተኞቹ ውስጥ አልፋልፋ፣ የከብት መኖ። ከፊሉ ድርቆሽ ተጠቅልሎ ባሕር ይሻገራል። አንተ ግንብ ማዶ ያለውን 90 ኤከር ስትቆጥር እኔ ያለፍኩበት መንገድ ግራና ቀኙ ለአንድ ሰዓት አረንጓዴ ነው አለ።

ከዐረብ አገር የምትጽፍ እህት ይህንን በ17ኛው መልስ አጠናከረችው። ሳዑዲ የራሷን የከርሰ ምድር ውሃ ለማዳን ስትል አረንጓዴ መኖ ማምረቷን ቀስ በቀስ ትታ ከውጭ ማስገባት ጀመረች። ያ ድርቆሽ ከየት ይመጣል ብላችሁ ታስባላችሁ ነው ነገሯ። ስለ ዱባይም ነገረችን። ኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ በ1988 ሲከፈት በአካባቢው የመጀመሪያው ባለ ሣር ሜዳ ነበር። ከዚያ በፊት እዚያ ያሉ ፈረንጆች አሸዋ ላይ ነበር የሚጫወቱት፤ ጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አሸዋ በዘይት እያረጠቡ። አንድ ሰው ዘይት ከውሃ የሚረክስበት አገር ብሎ ገባ። ማን እንደሆነ ረሳሁ።

የነጂው ነጥብ ከባድ ነው። ግን እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ወንዙ ላይ ያለው ትልቁ ሌባ ሌላ ስለሆነ ትንሹን አትዩት ማለት አልወድም። በ300 ሺህ የምትኖር ከተማ ትንሽ የምትለው ነገር የላትም። ደግሞ አልፋልፋው በመጨረሻ ወተት ይሆናል፣ ሥጋ ይሆናል። ክትፎ የምንበላ ሰዎች ስለ አልፋልፋ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ አለብን። (ይህን በ22ኛው ላይ ስል ስምንት ሰው ተቆጣኝ።)

ከ12 እስከ 16፣ ጸቡ

12ኛው ጎልፍ ይጫወታል። ሐበሻ ነው፤ ይጫወታል። መብቱ ነው። ግን አገባቡ አላማረም። እናንተ ታክሲ ነጂዎች ጎልፍ ተጫዋቹን ከኤርፖርት ከነሻንጣው ጭናችሁ ጉርሻ እየተቀበላችሁ የተቀመጣችሁበትን ቅርንጫፍ ትቆርጣላችሁ አለ። እውነት አለው፤ የዱላ ሻንጣ የያዘ ተሳፋሪ ጥሩ ጉርሻ ይሰጣል። ግን አያይዞ ውሃ ውሃ የሚሉት ዱላውን ለመግዛት አቅም ያጡ ናቸው ብሎ ጨመረበት። እዚህ ላይ ነው የተበላሸው።

13ኛው የመለሰለትን አልደግመውም። አወያዩ ግማሹን አጥፍቶታል።

14ኛው ከቱሉዝ ነው፣ ፈረንሳይ። በ2022 ነሐሴ በነሱ አካባቢ ድርቁ ጠንቶ ሰው አትክልቱን እንዳያጠጣ ሲከለከል የጎልፍ ሜዳዎች ግሪኑን፣ ማለትም ጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ለስላሳ ሣር፣ በሌሊት እንዲያርሱ ተፈቀደላቸው። የአየር ንብረት ተሟጋቾች ሌሊት ገብተው ጉድጓዶቹን በሲሚንቶ ደፈኗቸው። በዓመቱ ስፔንም ውስጥ አሥር ሜዳ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተደረገ። ልጁ ይህን ሲጽፍ ፊቱ እንደበራ ያስታውቃል። እኔንም ለምን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አትገዛም ብሎኛል። ወንድሜ፣ እኔ የቤት ዕዳ አለብኝ።

15ኛዋ ተቆጣችው። ጉድጓድ መድፈን ለሚዲያ ነው እንጂ አንዲት ጠብታ አላዳነም፤ በማግሥቱ ሠራተኛው ነው ጎንበስ ብሎ የሚቆፍረው፣ ምናልባትም የኛው ሰው ነው አለች። 8ኛው ሰውዬ ከሥር አውራ ጣት አደረገላት።

16ኛው ሁሉንም ሊያስታርቅ ሞክሮ ከሁሉም ተሰደበ። እሱ ያነሣው የመዋኛ ገንዳ ነው። ሁላችንም ጓሮ ገንዳ ካለ መጀመሪያ ገንዳውን እንሸፍን፤ ካውንቲው ከ2022 ወዲህ አዲስ የቤት ገንዳ ከ600 ስኩዌር ፊት እንዳይበልጥ የወሰነው ከሱ የሚተነውን ዐይቶ ነው አለ። እኔ ገንዳ የለኝም። 12ኛው ሁለት አለው መሰለኝ፤ ድምፁ ጠፋ።

ከ18 እስከ 21፣ አገር ቤት

18ኛው ከአዲስ አበባ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ቧንቧችን በፈረቃ ነው፣ ያውም ፈረቃውን ካስታወሰ፤ እናንተ ስለ ጠጠርና ስለ ሣር ትጨቃጨቃላችሁ። ሮቶ ሞልቶ ማደር ምን ያህል ደስታ እንደሆነ ረስታችሁታል። እኛም ከተማ ጎልፍ ሜዳ አለ፣ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ እንኳ አለ፤ ማንም ግን በክረምት ውሃ የሚረጭ የለም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ በነጻ ያጠጣዋል። ችግሩ ጎልፍ ሳይሆን በረሃ ላይ ጨፌ ካልሠራሁ ማለት ነው። ንዴቱ እንዳለ ሆኖ ካነበብኳቸው ሁሉ ነገሩን በአጭሩ የቋጨው እሱ ነው።

19ኛው ተናደደበት፤ ዲያስፖራ ስለሆንን መናገር አንችልም ወይ በሚል። የታወቀው ጸብ ነው። ታውቁታላችሁ።

20ኛው የሐረር ልጅ ነው። እሱ ሲጽፍ ጸቡ ቆመ። ልጅ ሆኖ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ዓሣ በልቷል። ሐረር ከተማ ውሃዋን ለዓመታት ያገኘችው ከዚያ ነበር። ዙሪያውን ያለው ገበሬ ለጫቱና ለድንቹ በፓምፕ ይስባል፣ ከተማው ይስባል፣ ከተራራው የሚታጠበው አፈር ደግሞ ከሥር ይሞላዋል። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ አለቀ። ሰው መሐሉን በእግሩ አቋረጠው። አንድም የጎልፍ ሜዳ አልነበረም። እያንዳንዱ ፓምፕ ትንሽ ነበር፤ እያንዳንዱም ባለ ፓምፕ ወደ ጎረቤቱ ፓምፕ ይጠቁም ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለስ ጀምሯል፤ ወንድሙ ፎቶ ልኮለት አልቅሷል።

21ኛው ጋሼ ናቸው፣ የ4ኛው። አንድ ቃል ብቻ ጻፉ። ይባረክ።

ከ23 እስከ 30፣ ቄጠማ

23ኛዋ ምንም ከዚህ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ይዛ መጣች፤ ከዚያ በኋላ ሰባት መልስ በሱ ላይ ሄደ። እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው። ላስ ቬጋስ ሣሩን ሁሉ እየነቀለች ከሆነ ለቡና የሚጎዘጎዝ ቄጠማ ከየት ይገኛል? እስካሁን የምትጠቀመው የፕላስቲክ ሣር ምንጣፍ ነው፤ እናቷ ከአገር ቤት መጥተው ሲያዩት ቡናውን ቁጭ ብለው ሳይሆን ቆመው ነው የጠጡት።

አንዱ ማታ ከጎልፍ ሜዳ ሁለት እፍኝ ሸምቅቂ አላት። 8ኛው ሰውዬ ፈጥኖ ገባ፤ እንዳታደርጊው። ያ ሣር የአረምና የፈንገስ መድኃኒት የተረጨበት ነው፤ ልጆች የሚቀመጡበት ቤት ውስጥ አይጎዘጎዝም። 27ኛዋ በረንዳዋ ላይ በባልዲ ውስጥ ራሷ ታበቅላለች፤ በሳምንት አንድ ጆግ ይበቃዋል አለች። ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በ2023 መጨረሻ በካውንቲው የታወቀው ሰፈራችን ውስጥ ካሉት ሱቆች ለበዓል ሰሞን የሚያመጣ ሊኖር ይችላል፣ ጠይቂ ያላትም አለ።

ከዚህ መሐል ግን አንድ ቁም ነገር ወጣ። 29ኛው በ2021 የወጣውን የኔቫዳ ሕግ አስታወሰ። ከ2026 መጨረሻ በኋላ ጥቅም የማይሰጥ ሣር በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ አይጠጣም። ጥቅም የማይሰጥ ማለት ከመንገድ አካፋይ፣ ከቢሮ ደጅ፣ ከገበያ አዳራሽ ዙሪያ ያለው፣ ማጨጃ ማሽን ካልሆነ ማንም የማይረግጠው ማለት ነው። የግለሰብ ቤት ሣር የለበትም፤ መናፈሻም፣ የጎልፍ ሜዳም ጥቅም ይሰጣሉ ተብለው ታልፈዋል። እና ጠየቀ፦ ቄጠማስ ጥቅም የሚሰጥ ሣር ነው? 23ኛዋ በሙሉ ድምፅ አሳለፈችው።

31ኛው ሣር የሌለው ጎልፍ ሜዳም እንዳለ ነገረን። አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ኩበር ፒዲ የምትባል የኦፓል ማዕድን ከተማ አለች። ሜዳው አፈርና ጠጠር ነው። ተጫዋቹ ትንሽ ሰው ሠራሽ ሣር በብብቱ ይዞ ይዞራል፤ ኳሱን የሚያስቀምጠው እሷ ላይ ነው። ሙቀቱ ሲብስ ሌሊት በሚያበራ ኳስ ይጫወታሉ። 12ኛው ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ ብቅ ብሎ ያ ጎልፍ አይባልም አለ። እኔ እንኳ መጫወት ቢያምረኝ እዚያ ነው የምሄደው።

32ኛዋ ከኬፕታውን ናት። በ2018 ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተፈቅዶ ሲኖሩ የሻወሩን ውሃ በሳፋ እየያዘች ሽንት ቤት ታፈስ እንደነበር ጻፈች። ያን ጊዜ ሳፋ ይዞ ያልቆመ ሰው ስለ ውሃ ሲያወራ አልሰማውም አለች። እንግዲህ ዝም ብለን አነበብናት።

ከ33 እስከ 36፣ ወደ ግንቡ

33ኛው መልስ የኔ ነው። ሁሉም ይዘጋ ያልኩትን አነሣሁ። ኳስ የማይወድቅበት ሣር ይነቀል፣ ቤርሙዳው በብርድ ወራት ቢቀላ ይቅላ፣ ተጫዋቹ ይልመደው፤ አሁን የምለው ይህን ነው። ደግሞ 8ኛውን ሰውዬ አንድ ነገር ጠየቅኩት። በየሌሊቱ ግንቤን የሚያጥበው ውሃስ?

34ኛው መልስ የሱ ነው። እሱ ከሁሉ ይበልጥ ያናድደዋል አለ። ግንብ የሚጠጣው ውሃ ለሣሩም ለኔም ለሐይቁም አይሆንም። አንድ መርጫ ጭንቅላቱ ዞሮ ነው፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሌሊት ማንም ስለማያየው ዓመት ሊቆይ ይችላል። ፎቶ አንሣና ጠዋት ወደ ሜዳው ቢሮ ደውል፣ ስልኩን ካላነሱ በአካል ሂድ፣ በትሕትና አለኝ። በትሕትና የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው። መክፈቻዬን አንብቦ መሰለኝ።

ሄድኩ። ያነጋገረኝ ሰው አመሰገነኝ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ስገባ ቺክ ቺኩ አለ፣ ግንቡ ግን ደረቅ ነው። ይህን 35ኛ አድርጌ ጻፍኩ። ስንት ሰው እልል አለልኝ።

ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ከግንቡ ሥር ባለቤቴ የተከለችው ጤና አዳም ነበር። እንዴት እንዲህ በረሃ ላይ እንደሚፋፋ እየገረማት ለጎረቤት ሁሉ ታካፍላለች። በሳምንቱ ጠወለገ። እኔን ውሃ አጠጥተኸው ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አጠጥቼው አላውቅም። እሷም አጠጥታው አታውቅም።

አሁን ሌሊት ከሥራ ስገባ በማንቆርቆሪያ አጠጣዋለሁ። ይህንን ዛሬ ጠዋት ጨክኜ ጻፍኩት። 36ኛው መልስ ወዲያው መጣ፤ የሂሳቡ ሰው ነው። ማንቆርቆሪያው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይጠይቃል።